ሞተሩ ያልጠፋው ካርቶን

(ከቀትር በፊት፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፤ ሰማይ ላይ የታየውን መብራት እንዲያጣሩ ከዞን የተላኩት አቶ ምህረቴና አሥራ አንደኛው ምስክር፣ ባጃጅ ጠጋኙ ሸጋው፣ ማኅተም የተመታበት የዘይት ካርቶን መሃላቸው አድርገው ተቀምጠዋል።)

ሸጋው፦ ይከፈት አላልኩም እኮ ጋሼ፤ ቀዳዳ ቢጤ ይበጅለት ነው ያልኩት።

አቶ ምህረቴ፦ ከሰማይ ለወረደ ነገር አየር ምን ያደርግለታል? ይልቅ ጥያቄዬን መልስ። መብራቱን አይተሃል?

ሸጋው፦ አይቻለሁ። ሰባት ናቸው።

አቶ ምህረቴ፦ አንዱ ምስክር አሥራ ሁለት ይላል። ወይዘሮ ጥሩአይነት ደግሞ ወፍጮ ቤት የሚያህል አንድ ነው ብለው ፈርመዋል። አንተ በምን እርግጠኛ ሆንክ?

ሸጋው፦ ሁልጊዜ ስቆጥራቸው... መቁጠር እወዳለሁ ማለቴ ነው።

አቶ ምህረቴ፦ እስከ ስንተኛ ተምረሃል?

ሸጋው፦ ከአራተኛ ነው ያቋረጥኩት። እስከ ሰባት መቁጠር ግን አድርሰውኛል።

አቶ ምህረቴ፦ ትናንት አመሻሽ ላይ ፉጨት ተሰማ፣ መብራቶቹም ባንዴ ዞሩ ብለዋል ምስክሮቹ።

ሸጋው፦ ሲሰለቻቸው ያፏጩ ይሆናላ።

አቶ ምህረቴ፦ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈ። ሚሊሻው ዓይኑን ጨፍኖ በጋቢው ጠቀለለና እዚህ ውስጥ ከተተው።

ሸጋው፦ ጀግና ነው። ዓይኑን ለምን ጨፈነ?

አቶ ምህረቴ፦ እንዳያሳውረው። እኔም ሳልከፍት አሽጌ ለዞን ደወልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ሞተሩ እስካሁን አልጠፋም ብያቸዋለሁ። ስማው፣ ያጉረመርማል።

ሸጋው፦ እርቦት ይሆናል።

አቶ ምህረቴ፦ ማንን?

ሸጋው፦ ሞተሩን። ትንሽ ማሽላ ጣል ቢያደርጉለት።

አቶ ምህረቴ፦ ማሽላ የሚበላ ሞተር አይተህ ታውቃለህ?

ሸጋው፦ ባጃጅ የማይበላው ምን አለ ጋሼ? ለመሆኑ መቼ ይመለሳል?

አቶ ምህረቴ፦ ምርመራ ነው፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

ሸጋው፦ ዓመት? ኧረ ባሏ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው የሚያቅፍላት። ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል፣ እንቁላሎቹም ይቀዘቅዛሉ።

አቶ ምህረቴ፦ ምን አልክ?

ሸጋው፦ ምንም።

አቶ ምህረቴ፦ ሸጋው።

ሸጋው፦ እርግብ ናት ጋሼ። ነጯ እርግቤ። ትናንት ሌሊት እንቁላሎቿን በጨርቅ ሸፍኜ አሳደርኩላት። ላይ ሰፈር አንድ ልጅ አለ፤ ሲመሽ የራሱን እርግቦች ያስነሣና የሰው እርግብ ቀላቅሎ ይወስዳል። የኔን ከሱ እንድለይ ከላይተር የነቀልኩትን መብራት እግራቸው ላይ አሰርኩ፤ ፉጨቱም እነሱን መጥሪያዬ ነው። መንግሥት ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ።

አቶ ምህረቴ፦ አሥር ሰው አስፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ ሞተር ነው ብዬ ደውዬ! አሁን እርግብ ናት ብል እስከ ጡረታዬ መሳቂያ መሆኔ ነው።

ሸጋው፦ አዲስ አበባ ከፍተው ቢያዩዋትስ? ያኔ ዞን ብቻ መሰለዎት የሚስቀው?

አቶ ምህረቴ፦ ምላጭ ይዘሃል?

ሸጋው፦ ከኪሴ አይጠፋም። ማኅተሙስ?

አቶ ምህረቴ፦ እሱን እንዳትነካ፣ ከሥር ቅደደው። መጀመሪያ መስኮቱን ክፈት።

ሸጋው፦ ቀስ እመቤት... ይኸው፣ ሄደች። እንቁላሎቿ ተረፉ።

አቶ ምህረቴ፦ እየጻፍኩ ነው። «አካሉ ማኅተሙ ሳይነካ በራሱ ኃይል ተነሥቶ በመስኮት ሄዷል።» ውሸት አለበት?

ሸጋው፦ አንድም የለበትም። ግን ወዴት ሄደ ቢሉዎትስ?

አቶ ምህረቴ፦ እሱን የዓይን ምስክሩ ይነግራቸዋል። መኪናው ባዶውን አይመለስም፤ አዲስ አበባ የምትሄደው አንተ ነህ።

ሸጋው፦ ኧረ ጋሼ፣ እርግቦቼን ማን ያይልኛል?

አቶ ምህረቴ፦ ሰባት ናቸው አላልክም? እኔንም እስከ ሰባት መቁጠር አድርሰውኛል።