የእጅጌው ልክ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ሸጉጠው ከሱቃቸው ሲወጡ ጎረቤታቸው ካለው ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷት።

«ልጄ ጉድ ሠራችኝ!» አሉ። «ሠላሳ የነርስ ጋውን እንድትሰፋ ታዝዛለች። ደረትና ጀርባውን እሷ እዚያ ከተማዋ ቆርጣ ጨርሳለች፤ እጅጌውን እኔ እዚህ ልሰፋላት ነበር። አርባ ስምንት ሴንቲ ነው ያለችኝ እጅጌ፣ ወረቀቷ ላይ አርባ ሦስት ነው! ደውዬ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪ ልላት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ስልኩን ይተዉት! መጀመሪያ ወረቀቱን ልየው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየውን ያናደዳቸው አምስቱ ሴንቲ ብቻ አልነበረም። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ልኩን በኮምፒዩተር ካልሳልኩ ካለች ወዲህ ግን እጇ ይበላሻል ብለው ሲሰጉ ከርመዋል። ይኸው የፈሩት ደረሰ።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ዘርግታ ጥጉ ላይ ያለች አጭር መስመር አሳየቻቸው። አጠገቧ «አሥር ሴንቲ» ይላል።

«እስቲ ይለኩልኝ።»

ለኩ። «ዘጠኝ! አላልኩሽም?»

«እንዴት ነው የላከችልዎ?»

«መጀመሪያ ፒዲኤፍ ምናምን የሚሉትን ላከች፤ ስልኬ አልከፍትም አለ። ምን አስጨነቀሽ፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪው አልኳት። ትናንት እዚሁ የሥራ ጓደኛሽ አተመልኝ።»

ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ፎቶ ለማየት ነው እንጂ ለመለካት አይሆንም። ስንት ሴንቲ እንደሆነ አያውቅም፤ ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃለት ያሳንሰዋል።»

«ፒዲኤፉስ?»

«እሱ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በሉት። የትም ይከፈት፣ መስመሩም ፊደሉም ከቦታው አይነቃነቅም።»

«እንግዲያው ሁሉን ነገር በሱ መላክ ነዋ!»

«የለም፣ ገና የሚታረም ደብዳቤ ከሆነ ዎርድ ይሻላል። እሱ በስፒል የተያያዘ ልብስ ነው፤ እንደልብ ይስተካከላል፣ ግን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ሊዘበራረቅ ይችላል። እርማቱ ሲያልቅ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየርና ለማተሚያ ይላካል። እሱም ሲታተም በራሱ ልክ፣ መቶ በመቶ ካልተባለ ሊያንስ ይችላል።»

«በይ እንግዲህ! እሱም ይዋሻል ማለት ነው።»

«ታዲያ ልጅዎ ያቺን መስመር ለምን ያሰመረች ይመስልዎታል? ከመቁረጥዎ በፊት ለክተው እንዲደርሱበት ነዋ።»

ሽማግሌው መስመሯን እንደገና አዩዋት። ማሽን አላምንም የሚሉት እሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር።

ፒዲኤፉ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይከፈት ስልካቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠራተኛዋ ወደ ኮምፒዩተሯ አሻግራ፣ መቶ በመቶ ብላ በትልቅ ወረቀት አተመችው። ሜትራቸውን ዘረጉ። መስመሯ አሥር፣ እጅጌው አርባ ስምንት። ጉድ ነው! የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ባለመጠየቁ የስልሳ እጅጌ ጨርቅ ሊበላሽ፣ አባትና ልጅ ሊኳረፉ ነበር። ላኪም ተቀባይም የሚላከው ሊታረም ነው፣ ሊታይ ነው፣ ወይስ ሊታተም ብለው ቢጠያየቁ ስንቱ ጭቅጭቅ በቀረ።

ደወሉ።

«አቤት አባዬ።»

«እጅጌው አጥሯል ብዬ ልቆጣሽ ነበር፤ ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ልክ ነሽ።»



«አባዬ... ደህና ነህ? እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም እኮ።»

«እንግዲህ ዛሬ አልኩሽ» አሉ። ወረቀቱን ጠቅልለው መቀሳቸውን ሊያነሱ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።