ጮክ ብለው የለኩ ልብስ ሰፊ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ፣ ከአናጢው አባታቸውና ከእናታቸው ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ለሙያቸው ብቻ አልነበረም፤ ምላሳቸውም ቢሆን ጨርቅ አይመርጥም።

በትምህርታቸው ብርቱ ቢሆኑም፣ አባታቸው ከጣራ ወድቀው አልጋ ላይ በመዋላቸው፣ ደብተራቸውን አጥፈው በእናታቸው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ ውለው አድረውም አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሱሪ ሊያስጠግኑ የመጡትን ሹፌር «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ወንበርህን ቀይር ወይ ሱሪህን!» ብለው ቢሸኟቸው፣ ሹፌሩ ሁለቱንም ትተው ለትዳር ጠየቋቸው፤ ከእሳቸውም ጋር ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል።

እትዬ መቀስ ልኬት ሲወስዱ፣ ከጓዳ ሆነው ጨርቅ ለሚቆርጡት ታናሽ እኅታቸው እንዲሰማ ቁጥሩን ይጮኹ ነበርና፣ ወገቡ የሰፋ ደንበኛ ገመናውን መንገደኛ ሁሉ ይሰማበታል። አኩርፎ ይወጣል፤ ሌላው ሰፊ ሲያበላሽበት ግን ተመልሶ ይመጣል።

ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖሩት ርእሰ መምህርት በጡት ካንሰር ታመው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ሐኪሞቹም ወደ ሥራ ይመለሱ ካሉ በኋላ፣ «በዚህ ሰውነቴ ተማሪ ፊት አልቆምም» ብለው ትምህርት ሳይከፈት ሥራቸውን ሊለቁ ቆረጡ። ጠያቂ አልጠፋም፤ የሚመጣው ሁሉ ግን በሩ ሥር ተሸጉጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ሳይሞት ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እትዬ መቀስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው «ልብስ ልሰፋልሽ ነው፤ ተነሺ» ብለው ገቡ። እሳቸውም ግን ሰው ናቸውና ተሳሳቱ፤ ልኬቱን በሹክሹክታ መናገር ጀመሩ።

ርእሰ መምህርቷ ቱግ አሉ። «አንቺ! የታመመው የእኔ ጡት ነው፤ የአንቺ ጉሮሮ ምን ሆነ? እንደ ሌላው ሰው ጮኸሽ ለኪኝ፤ አለዚያ ሜትርሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

እትዬ መቀስ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ወደ ማዶ ለእኅታቸው፣ «ትከሻ እንደ ድሮው ነው! ወገብ ግን፣ ኧረ በቅናት ልሞት ነው!» ብለው ቢጮኹ፣ መንገደኛው ቆመ፣ ታማሚዋም ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው እንባ እስኪያነቡ ሳቁ።

ልብሱ ተሰፋ፤ ጠባሳውን እንዳይፈገፍግ ስፌቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ በጎደለው ወገን ለስላሳ ጥጥ ገብቶበት፣ ትርፉም ጨርቅ «ስትወፍሪ እለቀዋለሁ» ተብሎ ሳይቆረጥ ከውስጥ ታጥፎ። ትምህርት በተከፈተ ዕለት ርእሰ መምህርቷ በር ላይ ቆመው አርፋጆችን ሲቆጡ ድምፃቸው ሱቁ ድረስ ተሰማ። እንደዚያ የጣፈጠ ቁጣ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ከሕክምና የሚወጣ ሁሉ ወደ እትዬ መቀስ ይመጣ ጀመር፤ እሳቸውም አንዱንም «አይዞህ» ሳይሉ፣ ከሁሉም ጋር በቀለምና በአዝራር እየተጨቃጨቁ አለበሱ።

ሕመሙ በተራው ወደ እሳቸው በመጣ ጊዜ፣ በየሕክምናው ቀን የወሰዷቸው እኒያው ርእሰ መምህርት ነበሩ። ሁለቱ ተራ ሲጠብቁ ሲከራከሩ፣ ነርሷ «እናቶች፣ ገበያ አደረጋችሁት እኮ!» ብትላቸው፣ እትዬ መቀስ «ገበያ ቢሆን ይህን ወንበር ማን ይገዛዋል?» አሏት፤ ነርሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። በሽታው ሰውነታቸውን ወሰደ፤ ጠባያቸውን ግን አላገኘውም። በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ የልጅ ልጃቸውን አንገትጌ እያስተካከሉ ደከማቸው፤ በዚያው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እኅታቸውንና እጅጌ ረዘመ እያሉ የሚነታረኩ ደንበኞቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ሰው ሁሉ «ቀባሪ አያሳጣኝ» ብሎ ይለምናል። እነሆ፣ ሳይሞቱ ለቅሶ የተቀመጥንላቸው፣ ከፊት ረድፍ ርእሰ መምህርቷ፣ ከኋላቸውም ብዙዎች፣ ዛሬ በገዛ እግራቸው መጥተው፣ እሳቸው በሰፉት ልብስ ደምቀው፣ ቀባሪ ሆነው ቆመዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቆሙትም ዕድሜ ይስጥልን።