ሮቦቱን ያቀፉት አለቃችን

ስጦታዬ፣ ነይ ፀሐዩ ላይ ተቀመጪ። የደባርቅ ብርድ ዛሬ ብሶበታል! ከጉዞው ያስቀረሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? እሰይ። ጎንደርማ ይሞቃል፤ ሳምቡሳውም ግሩም ነበር። የሮቦት ውድድሩ...? እንዲያ ያለ የቡድን አለቃ ይዞ ማን ይከፋዋል?

ስም አልጠራም። ከኋላችን ቆሎ የሚቆረጥሙ ሰው አሉ፤ ድምፄን ዝቅ ላድርግ... ወይስ ይስሙ? ምስጋና እኮ ነው!

የመጨረሻው ግጥሚያ ከዳባት ልጆች ጋር ነበር። ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጠዋት ዳኞቹ አለቆቹን ብቻ ጠርተው ደንቡን ነገሯቸው። የኛ ሲመለሱ "ምን ተባለ?" አልናቸው። "አታስቡ፣ እኔ አለሁ።" እውነትም ነበሩ! ምስጢር በመጠበቅ ማን ይደርስባቸዋል? ሮቦቱ ከተነሳ በኋላ በእጅ የነካው ቡድን ሁለት ነጥብ እንደሚቀነስበት እኛ ያወቅነው... ሲቀነስብን ነው። ውይ፣ ቆሎው ትን አላቸው መሰለኝ!

ሙሰዓብ ምስኪኑ ሪሞቱን ይዟል። እሳቸው "ግራ!" ይላሉ፤ አፋቸውን ሳይገጥሙ "ቀኝ!" የሳቸው ቀኝ ይሁን የሮቦቱ፣ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? "ተው!" ሲሉት "ምኑን?" አለ። በዚህ መሃል ሮቦታችን ሲሽከረከር ቆይቶ ኳሳችንን የዳባቶች ቅርጫት ውስጥ ከተተላቸው። ደግነት ከአለቃ ይወረሳል መቼም! ዳባቶች ቆመው አጨበጨቡልን።

እንዲያም ሆኖ በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር፣ ታምኛለሽ? ሊያልቅ ሲል ሮቦቱ ጠርዙ ላይ ተንገዳገደ። እሳቸው አንጀታቸው አልቻለም... ዘለው ገብተው እቅፍ! ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ሁለት ነጥብ ተቀነሰ፣ አዲስ አበባም ለዳባቶች ሆነ። ደንቡን ከመሃላችን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ፣ የጣሱትም እሳቸው ብቻ። ለሌላ ሰው ሥራ አይተዉም፣ አየሽ?

መኪና ውስጥ ሰሀር እያለቀሰች "ለምን አልነገርከንም?" አለችው... አለቻቸው ማለቴ ነው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ ብዬ።" ለኛ አዝነው እኮ ነው! ያቺ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ስትለፋ ነው የከረመችው...

ተይ፣ አላነሳውም። ሰው በሌለበት ማማት ደስ አይልም፤ ደግነቱ አሉ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ችሎታቸው እዚህ እኛ ዘንድ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ ለከርሞ የዳባት ቡድን አለቃ ያድርግልን። አሚን በይ እንጂ!