እንደዚያ ነው ያልኩት

— ሄሎ፣ ፋርማሲ... ማን ልበል?

— አንተ ቀጮ! ድምፅህን ከየት አመጣኸው? ካህን ሆነህ አባ ከተባልክ ወዲህ እኮ እኛን ተራ ሰዎችን ረስተኸናል ብዬ...

— እሺ፣ እሺ። የጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን በማዕረግ ልጥራህ? አብረን የትምህርት ቤቱን አጥር የዘለልነውን ሰውዬ አባ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም... ቀጮ ይበቃሃል።

— ምን ሆነሃል ግን? ድምፅህ ልክ አይደለም።

— እሳቸው? አስተማሪያችን፣ አባ ድገመው?

— ቆይ ቆይ። ልድገምልህ። ዛሬ ቁርስ ስታቀርብላቸው ማን ነህ አሉህ። ነገ ደግሞ ወደ ሩቁ የአረጋውያን ቤት ይሄዳሉ። እንደዚያ ነው ያልከው?

— ነገ አይደለም?... አሁን? መኪናው በር ላይ ቆሟል?

— አንድ ጊዜ ያዝልኝማ። (አቤት እማማ... ክኒኑን ከዋጡ በኋላ ራስዎን ያዞርዎታል። እንደዚያ ነው ያሉኝ?... እ፣ ሳይበሉ ሲውጡት ብቻ። እንኳን ጠየቅኩዎት። ምሳ በልተው ይዋጡት፣ ካልተወዎት ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ሌላውን አመጣልዎታለሁ።)

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ምን ያስቅሃል?

— አዎ፣ ይቺ መድገም የእሳቸው ናት። የሰውየውን ነገር ደግመህ፣ እሱ ራሱ "እንደዚያ ነው ያልኩት" ሳይልህ መልስ የሚባል ነገር የለም። ኢየሱሳውያኑ ካህናት ትምህርት ቤት ስንቱን አስተማሩን፣ ላቲኑ በነነ፣ ሒሳቡም ግማሹ የለም። ይቺ ግን አለች። ስንት ሰው የማይሆነውን መድኃኒት ሊወስድ ሲል በዚችው ተርፏል መሰለህ።

— ኳሷን? እንዴት እረሳለሁ። እኔ ከንፈርህን አድምቼ፣ አንተ ሸሚዜን ተርትረህ... ፊት ለፊት አቆሙን። "ምን አለ? በል ድገመው።" እኔ ስደግም አንተ አላልኩም፣ አንተ ስትደግም እኔ አላልኩም። ደወል ተደውሎ ልጁ ሁሉ ወጣ፣ እኛ እዚያው ተገትረን... ስንግባባ እኮ ኳሷ የማን እንደነበረች ለሁለታችንም ጠፋብን።

— አይ፣ አታሞግሰኝ። ባለቤቴን ብትጠይቃት ሌላ ነው የምትነግርህ። "ደንበኛውን ታዳምጣለህ፣ እኔን ሳልጨርስ ታቋርጠኛለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

— ...ልጠይቃቸው አልመጣሁም። አውቃለሁ። ከዚህ እናንተ ግቢ አንድ ታክሲ ነው። እሑድ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ዕቃ ይገባል። በሚቀጥለው እላለሁ፣ ልጅ ያተኩሳታል። የምላቸውን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር እኮ። መሄዱ ብቻ ነበር የቀረኝ። ያንገበግበኛል ቀጮ።

— አሁን?... ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝልኛለህ? ኧረ ተባረክ። ቆይ፣ ቆይ ብቻ... (የኔ እህት፣ ያንን ሬዲዮ ዝጊልኝ። እማማን አንቺ አስተናግጃቸው።) እሺ፣ ስጣቸው።

— ሄሎ... አባ? እንደምን ዋሉ? እኔ ነኝ፣ የድሮ ተማሪዎ።

— ግድ የለም አባ፣ አይጨነቁ። ባያስታውሱኝም ግድ የለም። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ሰው ማዳመጥን ትምህርት ቤት ተማርኩ። ሳልሰማ እንዳልመልስ። ዛሬም ድረስ የምሠራው በዚያ ነው። አስተማሪዬን ላመሰግን እያልኩ... ዘገየሁ።

— አዎ። አስተማሪ ነበረኝ።

— አዎ፣ ማዳመጥ አስተማሩኝ።

— አዎ አባ... ዘገየሁ። እንደዚያ ነው ያልኩት።

— ምን አሉኝ?... አይ አባ፣ አስተማሪዬ እኮ እርስዎ...

— እሺ። እሺ፣ ልድገመው። አስተማሪዬን የሆነ ቦታ ካገኟቸው፣ ያ ልጅ አመስግኖዎታል ብለው ይነግሩልኛል። እንደዚያ ነው ያሉኝ?

— ይንገሩልኝ አባ። ካገኟቸው ይንገሩልኝ።

— ሄሎ?... ቀጮ፣ አንተ ነህ? ሰማሃቸው፣ ያልኩትን ሲደግሙልኝ?

— እሺ፣ ሾፌሩን አታስቁመው። ደግፋቸው፣ ደረጃው ላይ ቀስ በሉ። ዝጋው በቃ፣ እኔም እዘጋለሁ።