«ገባኝ» የምትል ልጅ

ቅዳሜ ጧት ሁለት ኩንታል ሩዝ በጋሪ አስጭኜ ወረታ ከተማ ወዳለው መፈልፈያ ሄድሁ። ወፍጮው ይጮኻል፤ ገለባው ዓይን ያጠፋል፤ ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። እኔ ግን ወረፋውም አቧራውም አልታየኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ባገኘኋት እያልሁ የምዝትባት አንዲት ልጅ ከአባቷ ጆንያዎች አጠገብ ቆማለች።

ሂክማ ትባላለች፤ የነጋዴው የመሐመድአወል ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ መምህርነት ትማራለች። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ ለልምምድ ወደ ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተልካ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆችን ሒሳብ ታስጠናለች። ከምታስጠናቸው አንዷ ልጄ ሠርካለም ናት። ሰርክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች፤ ለአገር አቀፉ ፈተና የቀራት ሁለት ወር ነው። ረቡዕ ዕለት ዓይኗ አብጦ ቤት ገባች። ሂክማ ሰሌዳ ፊት አቁማ «እስኪ አንቺ አስተምሪኝ» ብላ እንዳስለቀሰቻት የጎረቤት ልጅ ነገረችኝ። እኔ እንደሆንሁ ክፉውን ቀድሜ የማይ ሴት ነኝ። ልጄ ፈተና ወድቃ ርብ ወንዝ ዳር የሰው ሽንኩርት ስትኮተኩት ታየችኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ደብተሯን ደብቄ፣ ጥናቱን አስቀርቼ የድሮ ፈተና መልሶችን በቃሏ እንድትይዝ አዘዝኋት።

«አንቺ!» አልኋት፣ ወፍጮውን ለማሸነፍ እየጮህሁ። «ልጄን መለማመጃ ያደረግሻት አንቺ ነሽ?»

«ደህና አደሩ፣ እትዬ እናኑ?»

«ሰላምታሽን ለራስሽ! ትናንት በአባትሽ ሱቅ ክብሪት ስትሸጪ የነበርሽ ልጅ፣ ዛሬ በልጄ ጭንቅላት ማስተማር ትማሪያለሽ? ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ሰው በሰው ማሳ ይለማመዳል?»

«የሒሳብ መምህራቸው አብሮኝ ይቀመጣል፤ የማደርገውን ሁሉ…»

«አላዋቂ!»

ይህን ጊዜ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ ሲል የእኔ «አላዋቂ» ብቻዋን ቀረች። ወረፋተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ወፍጮው ቢቆምም እትዬ እየፈለፈሉ ነው» አለ አንዱ ባለጋሪ፤ ሰው ሳቀ።

ማፈር ሲገባኝ ጭራሽ ባሰብኝ። የአጥቢያችን የአብነት መምህር የኔታ ገብረማርያም ወረፋ ሲጠብቁ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የድሮ ሥርዓት ወዳጅ ስለሆኑ ለእኔ እንደሚፈርዱ አልተጠራጠርሁም።

«የኔታ፣ እስኪ ይፍረዱን። ገና ተምሮ ያልጨረሰ ሰው ያስተምራል? ልጄን በሰው ፊት አቁማ አዋረደቻት!»

«እውነትሽን ነው» አሉ የኔታ። «ተማሪ ሥራው መስማት ነው። ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ እሺ ትላለች። መምህሩን ላስተምርህ ማለት ከየት የመጣ ነው?»

እኔ «ይኸው!» አልሁ። ሂክማ ግን ወደ እሳቸው ዞረች።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተማሪዎ ዳዊት ደገመ የሚባለው መቼ ነው? አንቱ ሲያነቡ አንገቱን ደፍቶ ስለሰማ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! እኔ ዝም ብዬ እሱ ሲያሰማኝ ነው እንጂ።»

«አዲስ ለመጣው ልጅስ ፊደል የሚያስቆጥረው ማን ነው?»

«ከፍ ያለው ተማሪ ነዋ። እኔ ስንቱን እችላለሁ? ደግሞም ታናሹን ሲያስቆጥር የራሱም ይጠናለታል…» አሉና ድንገት አፋቸውን ያዙ። ከዚያም ሳቁ። «እናኑ፣ ይች ልጅ በገዛ ገመዴ አሰረችኝ!»

እኔ አልሳቅሁም። ሊቅ ቢረታ ለእናት ምኗ ነው?

«የእርስዎ ተማሪ ዛሬ ቢሳሳት ነገ ይደግማል» አልሁ። «የእኔ ልጅ ፈተናዋ አንድ ነው! እሷ ተለማምዳ ዲግሪዋን ይዛ ትሄዳለች፤ የወደቀችውን ልጅ ይዤ የምቀር እኔ ነኝ!»

ሂክማ እስከዚያ ድረስ በትሕትና ነበር የምትናገር። አሁን ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አንቱ ብቻ የተቆጡ መሰለዎት? እኔም ተቆጥቻለሁ!» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር መዘዘች። «ለዩኒቨርሲቲ መምህሬ የማስረክበው ነው። የልጅዎ ነገር ስለሆነ ያንብቡት።»

የልጄን ስህተት ለሰው ዘርዝራ ጽፋ ይሆናል፣ መክሰሻ አገኘሁ ብዬ ነጠቅኋት። እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ። ለሠርካለም አሥር ጥያቄ ሠርቼ አሳየኋት። በየመሐሉ ‹ገባሽ?› ስላት እ ብላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። አመንኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ረቡዕ። እሷ እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። አለቀሰች። ክፍልፋይ እንኳ ከመሠረቱ አልገባትም። በሰው ፊት መጠየቄ ሌላው ጥፋቴ ነው፤ ብቻዋን ሊሆን ይገባ ነበር። ነገ የሩዝ መፈልፈያውን ምሳሌ አድርጌ እጀምራለሁ።

ሐሙስ። ሠርካለም አልመጣችም። ጠበቅኋት።

ዓርብ። አልመጣችም።»

ስለ ልጄ ስንፍና አንዲት ቃል የለበትም። የተመዘገበው የአስተማሪዋ ጥፋት ነው።

ከየኔታ አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ። ያችን ትንፋሽ አውቃታለሁ። እኔም አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል እ እያልሁ ነው ዓመቱን የጨረስሁት። ፈተናውን ስወድቅ ዕድሌን ረገምሁ። ከዚያም ልጅ ወልጄ፣ «ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ በይ፣ ጥያቄ አታብዢ» ብዬ ያንኑ መውደቂያዬን አወረስኋት።

«ስንት ዓመት ሙሉ አንድ መምህር እንኳ እንዳልገባት አላየም?» አልሁ። ቁጣዬ አልበረደም፤ የሚያርፍበትን ግን አጣሁ።

«ክፍሉ በልጅ የተሞላ ነው። ሁሉም እ ይላል» አለች ሂክማ። «እኔም ቀጥታ ክፍል ቢሰጡኝ ኖሮ ከሁሉም ጋር እ እየተባባልሁ ጡረታ እወጣ ነበር። ልምምዱ ለዚህ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ፣ የት ላይ እንደጠፋባት እስኪታይ መጠበቅ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሰርክ ናት ያስተማረችኝ።»

«ጊዜው ግን ሄዷል» አልሁ።

«ሦስት ጣሳ ያልተፈለፈለ ሩዝ ስንት ይወጣዋል?»

«ሁለት። ይህን ሰርክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።»

«ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። እንግዲያው ክፍልፋይ ታውቃለች፤ ማወቋን የነገራት የለም እንጂ።»

መብራት መጣ፤ ወፍጮው ጮኸ። «ሰኞ ትመጣለች!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህሁባት። ይቅርታዬ ያ ነበር።

እናቶች ሆይ፣ መምህር በልጅ ላይ ተለማመደ ብላችሁ እንደ እኔ አትጩኹ። የሚያስፈራው ሳይለማመድ ክፍል የሚገባው ነው። በትንሽ ቡድን ያስጠና መምህር ስህተቱን በጊዜ ያርማል፤ ልጅም አልገባኝም ማለት ነውር እንዳልሆነ ትማራለች። ከዚያ ወዲያ በቃሏ የያዘችው ሳይሆን የገባት አብሯት ፈተና ይገባል።

ቤት ስደርስ ሰርክ መልሶቹን በቃሏ ትሸመድዳለች። ወረቀቱን ቀማኋትና ሰኞ ወደ ሂክማ እንደምትመለስ ነገርኋት። ስለ ትምህርት፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ነገዋ ብዙ ተናገርሁ። በመጨረሻ እንደ ልማዴ «ገባሽ?» አልኋት።

ትንፋሿን ልትስብ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው።

«አልገባኝም፣ እማዬ። ሐሙስ አትሄጂም ብለሽ ደብተሬን ደብቀሽ፣ ዛሬ ሂጂ የምትይኝ ለምንድን ነው?»

ድፍረቷ አናደደኝ፤ እጄም ሊነሣ ቃጣው። ፈተናውን እንደሆነ አሁንም እፈራዋለሁ። ግን በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁና ከአሥረኛ ክፍሌ ጀምሬ ነገርኋት።