ከሶርስ ኮዱ ካልሠራሁት ያለው ልጅ

ግቢ ዓለምነሽ፣ እዚህ ቬንቲላተሩ ነፋስ ሥር ተቀመጪ። በዚህ ሙቀት ከባልባላ እስከ ካርቲየ ሰባት በሚኒባስ? እግርሽም አብጧል እኮ... ቀዝቃዛ ውሃ እንቺ። ልጅሽ እንዴት ነው? ሥራ በዝቶበታል አሉ። እሰይ፣ ይብዛለት።

ሥራ ስል ትዝ አለኝ... የኔ ሰብሊ በምትሠራበት የትራንዚት ቢሮ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም፣ ምን ያደርግልሻል? ያንቺን ልጅ ማለቴ እንዳይመስልሽ፣ እዚያ ቢሮ ስንት ወንድ አለ። ይሄኛው እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለሽ። ዶራሌ ወደብ የሚገቡትን ኮንቴይነሮች የሚከታተል ፕሮግራም ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ሥራ ተባለ። አዲሱ ፓይተን በወጣ ማግስት ጫነው። የሚፈልገው ላይብረሪ የሚሉት የኮድ ስብስብ ደግሞ ለአዲሱ ገና ተዘጋጅቶ አልወጣም። ለአምናው ግን አለ፣ አውርዶ መጫን ብቻ ነው። እሱ ወደ አምናው ይመለሳል እንዴ? ኩሩ ነዋ። "ከሶርስ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል አደርገዋለሁ" አለ፣ ከጥሬው ኮድ ራሱ ሊገነባው። ያውም በዊንዶውስ፣ እዚያ ላይ ደግሞ የባሰ ያስቸግራል አሉ። ሰብሊ ስትነግረኝ ሳቄ... አድናቆቴ ማለቴ ነው፣ አላስችል አለኝ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ መገንቢያው ኮምፓይለር የለህም አለው። ያንን ሲያወርድ የቢሮው ኢንተርኔት ተጨናንቆ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ዋለ። ከዚያ አንድ ፋይል ጎደለ። እሱን ሲያመጣ ሌላ ጎደለ። ስክሪኑ በስህተት መልእክት ቀይ በቀይ ሆኖ ይውላል አሉ። ትዕግሥቱ ግን... እንዲህ ያለውን የወለደች እናት እንዴት ታድላለች።

ለትዳርም እንደዚያው ነው። ገና ሙቀቱ ሳይገባ አንዲትን ልጅ "ይሄ ሥራ ይለቅና ሽማግሌ እልካለሁ" ብሏት ነበር። አልዋሸም እኮ፣ ሥራው መቼ አለቀና? እሷም ጠበቀች። ስልኳን እያየች ራቷን ስትተው... እኔም እናት ነኝ፣ አንጀቴ አረረ። ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ይቆጡታል?

ከጎኑ የሚቀመጠውን ፀጋውን ታውቂው የለ? እሱ እንኳ ሰነፍ ነው። የአምናውን ፓይተን ጫነ፣ የተዘጋጀውን ላይብረሪ አወረደ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሠራለት። ይሄ ምን ሙያ ነው? ሽማግሌም ቢሆን ምን አስቸኮለው ትያለሽ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰው ላከብን። እኛም... ምን እናድርግ፣ እሺ አልን። ሰብሊ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው።

ምነው ውሃውን ተውሽው? እኔ ለዚያ ልጅ ክፉ አልመኝም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሻማ አብርቼለታለሁ። እግዚአብሔር ድካሙን ይቁጠርለት፣ የጎደለውን ፋይል ሁሉ ይሙላለት። ለሠርጉ ባይደርስ እንኳ ለሰብሊ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ጨርሶ፣ ካንቺ ጎን ተቀምጦ ለመብላት ያብቃው። አሜን በይ እንጂ፣ ዓለምዬ።