አባ ፍምና የሙቅ ውኃው መንገድ

ሠራተኞቻቸው አባ ፍም የሚሏቸው ሰው የሰፈሩን ማሞቂያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መርተዋል። ከድንጋይ ከሰል ምድጃቸው የሚነሣው ሙቅ ውኃ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ሙቀቱን ሰጥቶ ይመለሳል። በብርድ ወራት አንድ ጠዋት፣ በመስመሩ ጫፍ የሚኖሩት ጡረተኛ አዋላጅ «ጣቶቼ ደነዘዙ» ብለው ስላማረሩ፣ አባ ፍም ሊያዩላቸው ደረጃውን ሲወጡ ለጥናቷ ቤት ለቤት ከምትዞረው የወንድማቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ልጅቱ መሐንዲስ ናት፤ ማሞቂያውን ወደ ፀሐይና ነፋስ ኃይል ለማዞር የሚደረገውን ጥናት የያዘችው እሷ ነች። አባ ፍም ይህን ከሰሙ ወዲህ ከወንድማቸው ቤት እግራቸውን አሳጥረው ነበር።

አዋላጇ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ሁለቱንም አስገብተው አስቀመጧቸው።

«አጎቴ፣ ተቀይመውኛል መሰለኝ» አለች መሐንዲሷ።

«ቅያሜ አይደለም ልጄ። ላም አለኝ በሰማይ ስትሉ ሰው በብርድ እንዳያልቅ ፈርቼ ነው። ነፋሱ ቢተኛ፣ ፀሐይዋም ብትደበቅ ምን ልትሆኑ ነው?»

«ነፋሱ ሲበረታ በሚተርፈው መብራት ውኃ እናሞቅና በትልቅ ታንከር እናቆየዋለን። ሲተኛ ከዚያ እንቀዳለን። ሁሉም ከጠፋ ምድጃዎ አለ፤ አናፈርሰውም።»

«መብቃቱ በምን ታወቀ?»

«የሰፈሩን አምሳያ በኮምፒውተር ሠርቻለሁ። የእያንዳንዱን ቧንቧ ርዝመት፣ የእያንዳንዱን ቤት ግድግዳ፣ ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ብርድና ነፋስ በየሰዓቱ አስገብቼበታለሁ። የትኛው ቤት መቼ እንደሚበርደው፣ ሰው ሳይንቀጠቀጥ በፊት ያሳየናል።»

«ስሌት ውኃ አያፈላም!» ብለው አባ ፍም ሳቁ።

ከሳቁ ሥር ግን ፍርሃት ነበረ፤ ከምድጃው ጋር እሳቸውም የሚጣሉ መስሏቸዋል። ሰው አዲስ ነገርን የሚጠላው ብዙ ጊዜ ነገሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቦታዬን ያሳጣኛል ብሎ ነው።

«እስቲ ንገሪኝ፤ አሁን እዚህ ቤት የሚደርሰው ውኃ ስንት ዲግሪ ነው?»

ልጅቱ ኮምፒውተሯን ከፍታ አየች። «ሰባ ስምንት።»

አባ ፍም ቴርሞሜትራቸውን አውጥተው ቧንቧው ላይ አሰሩት። አርባ ዘጠኝ።

«ይኸው! አላልኩሽም?»

መሐንዲሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ኮምፒውተሯን መልሳ አየች። «አጎቴ፣ ሌሎቹን ቤቶች ስለካ አምሳያው አልሳተም። እዚህ ብቻ ለምን ሳተ? የማሞቂያ ቤቱ የቧንቧ ካርታ መስመሩ ክፍት ነው ይላል።»

አባ ፍም ወርደው ከሕንፃው በር አጠገብ ያለውን የቧንቧ ጉድጓድ ክዳን አነሡ። የውኃው መዝጊያ ቫልቭ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፤ እንዳይዞርም በሽቦ ታስሯል። አስተሳሰሩ የራሳቸው ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ቧንቧ ሲፈነዳ ለጥገና ዘግተውት፣ ኋላ ጥቂት ብቻ ከፍተው በዚያው ረስተውታል። «የማን እጅ ይሆን?» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የሚያውቅ የለም። ሽቦውን ፈትተው ቫልቩን ከፈቱት። ከዚያ ደረጃውን መልሰው ወጡ።

«እመቤቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያበረድኩዎት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ እርስዎን አሞቃለሁ ብዬ የሰፈሩን ውኃ ሁሉ ዘጠና ዲግሪ ሳፈላ ኖሬያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አዋላጇ እግራቸውን ዘረጉ። «ይቅር ብያለሁ፤ ግን ሦስት ካልሲ ደርቤ የኖርኩት በእርስዎ ሽቦ ነው በሉኛ!»

ሦስቱም ሳቁ።

«አጎቴ፣ ዘጠና ዲግሪ ለፀሐይና ለነፋስ ይከብዳቸዋል» አለች መሐንዲሷ። «መስመሩ ከተከፈተ ግን ስድሳ አምስት ይበቃል። እሱን አብዛኛውን ቀን ያለ ከሰል እናገኘዋለን።»

«እኔስ ምን ልሠራ ነው?»

«አምሳያው ሲሳሳት ማን ይይዘዋል? እርስዎ ባይለኩ ኖሮ እኔም ስህተቴን አላውቅም ነበር።»

በወሩ ነዋሪዎች ሲሰበሰቡ አንዱ ጎረቤት «ሰፈራችንን ለኮምፒውተር ልንሰጥ ነው?» ብሎ ተነሣ። የመለሱለት አባ ፍም ናቸው። «ኮምፒውተሩን እመኑ አልልም፤ እኔንም አትመኑ። እሱ ያስላ፣ እኛ እንለካ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ጉድጓዱን እንክፈት።» ለድጋፍ ብዙ እጅ ወጣ።

በተከታዩ የብርድ ወራት ከሰል የነደደው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። የተሰጣ ልብስ ጥላሸት አልነካውም፤ የምድጃው ሠራተኞች ሳል ቀለለ፤ አዋላጇም ካፖርታቸውን ቤት ውስጥ ማውለቅ ጀመሩ። አባ ፍም ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ነፋሱ እንዴት አደረ?» ብለው ነው።